የጊችን ሰማይ የሚያዳምጠው መሣሪያ ለገበሬውም ይናገር

በክረምት መግቢያ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጊች አምባ የወጣ ሰው የሰማዩን ጠባይ ያውቀዋል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ እስከ ቆላው ድረስ ያሳያል። ረፋዱ ላይ ከገደሉ ሥር ነጭ ጉም እየተጐተተ ይወጣል። ከቀትር በኋላ አምባው በሙሉ ይሸፈንና መንገደኛው ከጎኑ የቆመውን ጅባራ እንኳ ለይቶ ማየት ይሳነዋል። አንዳንድ ቀን ያ ጉም ዝናብ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን በረዶ ይጥላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዲት ጠብታ ሳያወርድ እንደ መጣ ይበተናል።

ከተራራው ሥር፣ በደባርቅና በዳባት እርሻዎች ላይ ያለው ገበሬ ጥያቄው ይኸው ነው። ይህ ሰማይ ውሃ አለው ወይስ የለውም? መሬቱ ታርሷል፣ ዘሩ ተመርጦ ተቀምጧል። ቀድሞ የዘራ ገበሬ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ቢቋረጥበት ቡቃያው ይደርቅበታል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራውም ዘር ከሚበላው እህል ላይ ይቀነሳል። የዘገየ ገበሬ ደግሞ ሰብሉ ሳይደርስ ዝናቡ ይወጣበታል፣ ወይም ውርጭ ያገኘዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በማነሱ ጃን አሞራና አጎራባች ወረዳዎች በድርቅ መጎዳታቸው ገና የሚረሳ አይደለም።

ይህን ጥያቄ በከፊል ሊመልስ የሚችል መሣሪያ ዛሬ አለ። የሚያስገርመው መሣሪያው ለዝናብ ተብሎ የተሠራ አለመሆኑ ነው። በብዙ ቀበሌዎች ያሉ ገበሬዎች የመሬት ይዞታ በሚለካበት ጊዜ ባለሙያ በእጁ ይዞት ሲዞር አይተውታል፤ በየኪሱ የተያዘው ዘመናዊ ስልክም በውስጡ ትንሽ መቀበያ አለው። ስሙ ጂ.ፒ.ኤስ. ይባላል። አሜሪካኖች የመጀመሪያውን ሳተላይት ወደ ሰማይ የሰደዱት በየካቲት 1970 ዓ.ም. ነበር፤ ዓላማውም መርከብ፣ አውሮፕላንና ወታደር ያሉበትን ቦታ ማወቅ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ያኔ ሁለቱን ነገሮች አገናኝቶ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ያስቸግራል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሳተላይቶቹ ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ይዞ «ይህ ምልክት የተላከው በዚህ ሰዓት ነው» እያለ የራዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ይልካል። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መሬት ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ የአንድ ሴኮንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ገደማ ነው። መሬት ላይ ያለው መቀበያ ምልክቱ የተላከበትንና የደረሰበትን ሰዓት አስተያይቶ ርቀቱን ያሰላል። ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ካገኘ የቆመበትን ቦታ ያውቃል። ዛሬ ከአሜሪካኑ ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ስላሉ በሰማይ ላይ የሚዞሩት የዚህ ዓይነት ሳተላይቶች ከ100 በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ሞገዱ በባዶው ጠፈር በሙሉ ፍጥነቱ ይመጣና አየር ውስጥ ሲገባ ጥቂት ይዘገያል። በደረቅ መንገድ ሲሮጥ የመጣ መልእክተኛ ጭቃ ላይ ሲደርስ እንደሚጓተት ማለት ነው። ለመሬት ለኪው ይህ መዘግየት ስሕተት ስለሆነ ያስወግደዋል። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ግን ለኪው የጣለውን ያነሣል። መልእክተኛው ስንት እንደዘገየ ከታወቀ መንገዱ ላይ ስንት ጭቃ እንዳለ ማስላት ይቻላልና። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1992 ማይክል ቤቪስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጽሑፍ ካቀረቡት በኋላ ሥራው በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

መዘግየቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከደረቁ አየር የሚመጣው ነው። በባሕር ጠለል ላይ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚመጣ ምልክት በዚህ ምክንያት 2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል የራቀ መስሎ ይታያል። ጊች ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ስለሆነና በላዩ ያለው አየርም ስስ ስለሆነ እዚያ መዘግየቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ይህ ክፍል በአየር ግፊት መለኪያ በባሮሜትር በትክክል ስለሚታወቅ ከጠቅላላው ይቀነሳል። የሚቀረው ከውሃ ተን የሚመጣው መዘግየት ነው። ገበሬውን የሚመለከተው እርሱ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በሙሉ ውሃ ሆኖ ቢወርድ 1 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ከሆነ ምልክቱ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይዘገያል፤ 20 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ከሆነ መዘግየቱ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህ 20 ሚሊ ሜትር በሩብ ሄክታር እርሻ ላይ ቢወርድ 50 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። በዓይን የማይታየውን ይህን ያህል ውሃ አንድ በግንድ ላይ የተተከለ አንቴና ሌሊትና ቀን፣ ጉም ቢኖርም ባይኖርም፣ ሳያቋርጥ ይለካዋል።

በሌላ መንገድ ይህንኑ ለማወቅ መሣሪያ የታሰረበት ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ፊኛው ጥሩ መረጃ ይሰጣል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይለቀቃል፤ አንዴ ከወጣም በኋላ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ከአዲስ አበባ የተለቀቀ ፊኛ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ላይ ያለውን ተን አይነግርም።

አሁን ወደ ደባርቅ እንመለስ ቢባል፣ ብዙ ነዋሪ የማያውቀው ነገር ይገኛል። በደባርቅ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ተተክሎ የሰበሰበው መረጃ ከባሕር ዳር፣ ከናዝሬት፣ ከሮቤ፣ ከነጌሌና ከአሶሳ መረጃ ጋር በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናቶች ውስጥ ተጠቅሷል። የደባርቅ ስም በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ላይ የወጣው በዋልያና በጭላዳ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚያተኩሩት ከዝናቡ ሰማይ እጅግ ርቆ በሚገኘው አዮኖስፌር በሚባለው ንብርብር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ የፀሐይ ጨረር አየሩን ኤሌክትሪክ ያለው ያደርገዋል፤ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍም የአገሪቱ ሰማይ ለዚህ ጥናት የተለየ ቦታ አለው። ፀሐይ ከገባች በኋላ በዚያ ንብርብር ውስጥ የሚነሣው ሁከት የሳተላይቱን ምልክት አንዳንድ ሌሊት ያንቀጠቅጠዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለው የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ምርምር ነው።

ይህ ሁሉ ለገብስ አምራች ምን ይፈይዳል ብሎ የሚጠይቅ የገበሬ ማኅበር መሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሳተላይቱ በሁለት የተለያዩ ሞገዶች ስለሚልክ የላይኛው ንብርብር ያመጣው መዘግየት ተለይቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የታችኛው አየር፣ ማለትም የዝናቡ ሰማይ ነው የሚል ነው። ስለዚህ አንዱ መቀበያ ለሁለቱም ጥናት ያገለግላል። ለላይኛው ተብሎ የተተከለው ለታችኛውም ይሠራል፣ ሁለተኛ መግዣ አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያ ይህ መቻሉ ታይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው መቀበያ በዓለም አቀፉ የመቀበያዎች መረብ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ መሬት ከተሰነጠቀና እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ የመሬቱን እንቅስቃሴ ለማጥናት በዚያ አካባቢ ብዙ መቀበያዎች ተተክለዋል። የፊዚክስ ምሁሩ ግዛው መንግሥቱ ጽዱ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቦታዎች ካሉ መቀበያዎች የተገኘውን የውሃ ተን ልክ፣ ከፊኛውና በኮምፒዩተር ከሚሰላው የአየር ጠባይ ሞዴል ጋር አነጻጽረዋል። በመለኪያውና በሞዴሉ መካከል ያለው ልዩነት ከቦታ ቦታ አንድ እንዳልሆነም ታይቷል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሞዴሉ አገሩን በሰፋፊ አራት ማዕዘን ከፍሎ ያያል፤ በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ የጊች አምባና የአዲአርቃይ ቆላ አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ገደሉን ወርዶ የሚያውቅ ሰው የሁለቱ ሰማይ አንድ እንዳልሆነ ሊነገረው አይገባም።

ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። ጃፓን ለመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ብላ ከ1,200 በላይ መቀበያዎች ተክላለች። የአገሪቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእነዚሁኑ መሣሪያዎች የውሃ ተን መረጃ ለዕለት ትንበያው ይጠቀምበታል። ጃፓን ሀብታም አገር ናት፣ ለእርሷ ይቀላል የሚባል ከሆነ፣ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የምዕራብ አፍሪካው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቤኒን፣ በኒጀርና በማሊ ጥቂት መቀበያዎች ተተክለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተኑ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንዴት እየሞላ እንደሚሄድ ተከታትለዋል። የተቆጠሩት መሣሪያዎች ከአሥር አይበልጡም ነበር፤ ያሳዩት ግን የብዙ አገር ገበሬ የሚጠብቀውን የክረምት ጉዞ ነው።

ከጠፈርም የሚለካ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2019 የታይዋንና የአሜሪካ ድርጅቶች በየጊዜው ስድስት ስድስት ትናንሽ ሳተላይቶች አምጥቀዋል። እነዚህ የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ከመሬት ጠርዝ በስተጀርባ ሊጠልቅ ሲል በአየሩ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ አይተው የሙቀትና የእርጥበት ልክ እንዲያወጡ የተሠሩ ናቸው። በ2019 የተላኩት በተለይ የምድር ወገብን አካባቢ ስለሚዞሩ የኢትዮጵያን ሰማይም ይጎበኛሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ልኬታቸው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን አየር አማካይ ነው። ለዓለም ትንበያ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ሊማሊሞን ከደባርቅ ሜዳ ለመለየት ግን አይችልም። ለዚያ መሬት ላይ የቆመ አንቴና የግድ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። እስካሁን በጥናት የቀረበው ትንታኔ ስለ አለፉ ዓመታት የሚናገር ነው። ተመራማሪው የሦስት ዓመት መረጃ ሰብስቦ፣ አስልቶ፣ ጽፎ ያሳትማል፤ ይህ ሥራው ነው፣ አይነቀፍም። የገበሬው ፍላጎት ግን የዛሬው ሰማይ ነው። ከደባርቅና ከሌሎች ቦታዎች የሚሰበሰብ ምልክት በሰዓታት ውስጥ በስልክ መስመር ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ መግባት ይኖርበታል። ለመሬት ልኬት፣ ለመሬት መንቀጥቀጥና ለጠፈር ጥናት የተተከሉ መቀበያዎች የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ንብረት ናቸው። ሰማዩ ግን አንድ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የሰበሰበውን ሌላው ሳያየው ቢቀር የሚጎዳው በመካከል ያለው አራሽ ነው። ከየመቀበያው ጎን ባሮሜትርና የሙቀት መለኪያ መኖሩም መረጋገጥ አለበት። እነርሱ ከሌሉ የደረቁን አየር ድርሻ ለመቀነስ ከሌላ ቦታ ግምት መበደር ያስፈልጋል፤ በተራራ አገር ደግሞ የተበደሩት ግምት አያስተማምንም።

ሁለተኛው ነጥብ ራሱ ጊች ነው። የጊች መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ተሰርዟል። የመዛወሩ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ዓምድ አይዘለቅም። አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ ቀርቷል። በአምባው ላይ ገብስ ሲዘራ የኖረ ሰው ሰማዩንም አብሮ ሲጠብቅ ነበር። በረዶ የትኛው ሸንተረር ላይ እንደወረደ፣ ውርጭ በስንተኛው ቀን እንደጣለ፣ የጅንባር ወንዝ መቼ እንደሞላ ያውቅ ነበር። ያ ሁሉ ዕውቀት ከሰዎቹ ጋር ወደ ከተማ ወርዷል። አምባው ላይ አንድ መቀበያ ከባሮሜትር፣ ከእርጥበት መለኪያና ከዝናብ መለኪያ ጋር ቢቆም በቦታው የጎደለውን ዓይን በጥቂቱ ይተካል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል፣ ጊች 3,600 ሜትር ያህል ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የተን ልዩነት ጉሙ ከቆላ ሲወጣ ምን ያህል ውሃ ይዞ እንደሚያልፍ ያሳያል።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የተነሣው ቃጠሎ የጓሳ ሣሩንና የአስታውን ደን ሲበላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ነበር። የሳተላይት ምልክት እሳትን አስቀድሞ ይናገራል ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ለቃጠሎ ከሰማዩ ተን ይልቅ ከሣሩ አጠገብ ያለው እርጥበትና ነፋሱ ይወስናሉ። ከአንቴናው ጎን የእርጥበት መለኪያ ይቀመጥ የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው፤ ከሁሉም ርካሹ እርሱ ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቅም ሲነገር የማይችለውንም መናገር ያሻል። አየሩ እንደ ጋን የቆመ አይደለም፤ ይሄዳል ይመጣል። ተኑ ሞልቶ ሳይዘንብ ሊቀር ይችላል፤ እርጥብ ነፋስ እየተከታተለ ከገባ ደግሞ መጀመሪያ ከተለካው በላይ ሊዘንብ ይችላል። መሣሪያው «በዚህ ቀን ዝሩ» አይልም። የማንኛው እርሻ ዝናብ እንደሚያገኝም አይለይም። የሚለው «በላያችሁ ያለው ውሃ ካለፈው ሳምንት ጨምሯል፣ ከአምናው በዚህ ጊዜ ያንሳል» ነው። ከዚህ አልፎ ተስፋ የሚሰጥ ባለሙያ ቢመጣ የገበሬ ማኅበር መሪው ማስረጃ ሊጠይቀው ይገባል። ገበሬ አንድ ዓመት በተሳሳተ ትንበያ ዘሩን ካጣ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ትክክለኛውንም አይሰማም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም።

ማኅበሮቹ ከዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አላቸው? ቀላሉ በየቀበሌው አንድ የዝናብ መለኪያ ማቆም ነው። በመለኪያው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ዘወትር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የተመደበ ሰው አይቶ በደብተር ይጻፈው። ያልዘነበበትም ቀን «ዜሮ» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ባዶ የተተወ ቀን አልዘነበም ይሁን አልታየም አይታወቅምና። ይህ ደብተር ከሌለ አንቴናው ያየው ተን መሬት ደርሶ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሳይንቲስቱ ከዩኒቨርሲቲ የማያገኘው መረጃ ይህ ነው፤ ከገበሬው እጅ ብቻ ይገኛል። በለውጡም መሪዎቹ ሁለት ነገር ቢጠይቁ መብታቸው ነው፤ አንደኛ፣ በአካባቢያቸው የተተከለ መሣሪያ የሰበሰበው በዘር ሰሞን በየሳምንቱ በአማርኛ እንዲነገራቸው፤ ሁለተኛ፣ ትንበያው ከሳተ በደብተራቸው ተመዝኖ እንዲታረም።

ጥበቃውም አለ። አንቴናው ሰማዩን በሙሉ ማየት ስላለበት አጠገቡ ዛፍ መተከል፣ ቤት መሠራት የለበትም። ባትሪውና ሶላሩ የሌባን ዓይን የሚስቡ ናቸው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በመጣ ጊዜ የሰው ሕይወት በጠፋበት አገር ስለ መሣሪያ ማውራት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ሰላም ሲሆን የሚተከለው ነገር ጠባቂ ካልተመደበለት እንደማይቆይ ከዚያ ወዲህ የማይገባው የለም። በጊች ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት የፓርኩ ስካውቶችና ከአምባው የወረዱት የቀድሞ ነዋሪዎች ናቸው። የጥበቃውና የመለኪያው ሥራ ክፍያ ካለው በመጀመሪያ ለእነርሱ ልጆች ቢሰጥ ተገቢ ነው። ሸንተረሩን ያውቁታል፤ በረዶ የሚወርድበትንም ቦታ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል።

ጊዜውም የተወሰነ ነው። ተኑ መሙላት የሚጀምረው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ መሣሪያው ከሚያዝያ በፊት ቆሞ መሥራት መጀመር አለበት። ባሮሜትር፣ ባትሪና የብረት ምሰሶ ወደ አምባው የሚወጡት በበቅሎ ነው። በሐምሌ ያ መንገድ ጭነት አያስወጣም።